የባቡር ሞዴል ከኪት መሥራት፦ በክረምት መገጣጠም፣ በበጋ መቀባት

ሐዲድ እስከ ዛሬ ባሕር ዳር አልደረሰም። በዙሪያችን ባለው ገጠር «ባቡር» ሲባል ለብዙ ሰው ቀድሞ ትዝ የሚለው ናፍጣ እያጨሰ እህል የሚፈጨው ወፍጮ እንጂ ፉርጎ የሚጎትተው የምድር ባቡር አይደለም። ስለዚህ በዚህ ከተማ ተቀምጦ የሎኮሞቲቭና የፉርጎ ሞዴል የሚሠራ ሰው አስመስሎ የሚሠራውን ነገር መንገድ ላይ አያገኘውም፤ በፎቶግራፍ፣ በልኬት ሥዕልና ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ድሬዳዋ በተጓዘ ጊዜ በያዘው ማስታወሻ ይመራል። ይህ ግን ትንሹ ችግር ነው። ትልቁ ከክረምቱና ከሐይቁ የሚመጣው እርጥበት ነው፤ ማጣበቂያውም፣ ቀለሙም፣ ቀጭኑ ሽቦም ለአየሩ ይገዛሉና። የኪቱን፣ ማለትም ሞዴሉ ተበታትኖ የሚመጣበትን ሣጥን፣ መመሪያ የጻፈው ሰው ደግሞ የጣናን ሐምሌ አያውቀውም። ብዙ ካበላሸሁ በኋላ የደረስኩበት አሠራር ሥራውን ለሁለት ወቅት መክፈል ነው፦ ዝናቡ ሲገባ መቁረጥ፣ መሞረድና መገጣጠም፤ ቀለሙን ግን መስቀል አልፎ ሰማዩ እስኪጠራ ማቆየት።

መጠንና ምርጫ

በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት መጠን ኤች ኦ የሚባለው 1:87 ነው። በዚህ መጠን 14 ሜትር የሚረዝም ፉርጎ ጠረጴዛ ላይ 16 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ኤን የሚባለው 1:160 ቦታ ይቆጥባል፤ ነገር ግን የእጅ መያዣና የፍሬን ቱቦ የመሳሰለውን ዝርዝር በእጅ መሥራት ለሚወድ ሰው ዓይን አድካሚ ስለሆነ ለጀማሪ አልመክረውም።

ከመጠኑ ቀጥሎ የሚታየው የሐዲዱ ስፋት ነው፤ የአገራችንን ባቡር መሥራት የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ የደረሰው የቀድሞው የጅቡቲ መስመር ሐዲዱ 1 ሜትር ስፋት ያለው ሲሆን፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር ግን 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። በ1:87 ሲሰላ አዲሱ 16.5 ሚሊ ሜትር ላይ ልክ ይወድቃል፤ የተለመደው የኤች ኦ ሐዲድ ይኸው ነው። አሮጌው ግን 11.5 ይሆንና ፋብሪካዎች ወደ 12 ሚሊ ሜትር አጠጋግተው ይሠሩታል። ይህ ስፋት ኤች ኦ ኤም ተብሎ ይታወቃል፤ የስዊዘርላንድ ተራራ መስመሮችም በአብዛኛው የሜትር ሐዲድ ስለሆኑ፣ ቤሞን የመሰሉ አምራቾች ለእነሱ የሚያወጧቸው ጎማዎችና የታች ክፍሎች ለላገሃር ባቡር ወዳጅም ይጠቅማሉ። 12 ሚሊ ሜትር የ1:120 መጠን መደበኛ ሐዲድም ስለሆነ፣ የሎኮሞቲቭ የታች አካል ከዚያ መዋስ የተለመደ ዘዴ ነው። ሰውነቱ 1:87 ሆኖ እግሩ ከሌላ መጠን መምጣቱ የሚያስወቅስ አይደለም።

የመጀመሪያው ኪት ሎኮሞቲቭ መሆን የለበትም። ባለ አራት ጎማ ዝግ ወይም ክፍት የዕቃ ፉርጎ፣ በተለይም ከፕላስቲክ የተሠራ፣ የሙያውን ሦስት አራተኛ ያስተምራል፤ ቢበላሽም ኪሳራው ቀላል ነው። በቀጭን የናስ ላሜራ የሚመጡት ኪቶች በስታኞ የሚበየዱ ናቸው። ነጭ ብረት ከሚባለው በቀላሉ የሚቀልጥ ቅይጥ በቅርጽ ፈሰው የሚሠሩት ደግሞ በተራ የስታኞ ሙቀት ራሳቸው ስለሚቀልጡ፣ 70 ዲግሪ ገደማ የሚቀልጥ ልዩ ስታኞ ወይም ኢፖክሲ የሚባለውን ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚጠነክር ማጣበቂያ ይፈልጋሉ። እነዚህ ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ዓመት ይቆዩ።

ከከተማው የሚገኝ መሣሪያ

አብዛኛውን እዚሁ ማግኘት ይቻላል። ጥሩ ወረንጦ፣ አፉ ጠፍጣፋ የሆነ ትንሽ መቁረጫ ፒንሳ፣ ምላጩ የሚቀየር ካተር፣ ደቃቅ ሞረዶች፣ ቁጥሩ 400ና 800 የሆነ የብርጭቆ ወረቀት፣ ትንሽ ስኳድራ እና ካሊፐር ከዕቃ መሸጫዎች ይገኛሉ። ከውጭ ማስመጣት ግድ የሚሆነው በጣት የሚዞር ትንሽ መሰርሰሪያና ከ0.3 እስከ 1 ሚሊ ሜትር የሆኑ ፑንታዎች ናቸው፤ እነዚህ በቶሎ ስለሚሰበሩ ከየመጠኑ አምስት አምስት መያዝ ብልህነት ነው። ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ግን መስታወት ቤት ገብቶ በጥቂት ብር የሚገዛ፣ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የመስታወት ቁራጭ ነው። ጠረጴዛ ቀጥ ያለ ይመስላል እንጂ አይደለም፤ መስታወት ግን አያታልልም። ጠርዙን እዚያው ማስሞረድ አይረሳ።

ፉርጎው

ሣጥኑ ሲከፈት ክፍሎቹ ከመመሪያው ጋር አንድ በአንድ ይመሳከራሉ፤ የጎደለ ነገር ካለ የሚጠየቀው በዚህ ጊዜ ነው እንጂ ግማሹ ከተጣበቀ በኋላ አይደለም። ቀጥሎ የፕላስቲክ ክፍሎቹ ከነፍሬማቸው፣ ማለትም ከተያያዙበት የፕላስቲክ ዘንግ ሳይለዩ፣ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ይታጠባሉ፤ ከቅርጽ ማውጫው የተረፈው ቅባት በዓይን ባይታይም ቀለምን አያስይዝም። የታጠበው በፀሐይ ላይ ሳይሆን በጥላ ይደርቃል።

ክፍሉን ከፍሬሙ ለመለየት ሁለት ጊዜ መቁረጥ ያስፈልጋል። መጀመሪያ ከክፍሉ ራቅ ተብሎ ይቆረጣል፤ ከዚያም የተረፈው ጉጥ በምላጭ ይስተካከልና በሞረድ ይለሰልሳል። በአንድ ጊዜ ጥግ ድረስ የሚቆርጥ ሰው ፕላስቲኩ ተጎትቶ ነጭ ጠባሳ ይተውበታል፤ ይህ ጠባሳ ደግሞ ከቀለም በታችም ይታያል። ምንም ነገር ከመጣበቁ በፊት በደረቁ ተገጥሞ መታየት አለበት። የፕላስቲክ ማጣበቂያ ሁለቱን ፊቶች አሟሙቶ አንድ የሚያደርግ ፈሳሽ እንጂ እንደ ኮላ በመሃል የሚቀመጥ ነገር ስላልሆነ፣ አንዴ ከያዘ በኋላ መፍታት መስበር ማለት ነው። ክፍሎቹ ተገጥመው ተይዘው ሳለ በቀጭን ብሩሽ ጠብታ ፈሳሽ ከመጋጠሚያው ጫፍ ሲነካ ስንጥቁ ራሱ ስቦ ይወስደዋል። ብዙ ማፍሰስ ግድግዳውን ያቀልጠዋል።

የፉርጎ ሥራ ልቡ ከታች ነው። ሰው ሁሉ ዓይኑ በሩ ላይና ጣሪያው ላይ ያርፋል፤ እኔም የመጀመሪያውን ፉርጎዬን ከላይ አሳምሬ ስጨርስ ከአራቱ ጎማዎች አንዱ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ በየመታጠፊያውም ከሐዲድ ይወጣ ነበር። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ፦ ወለሉና የጎማ መያዣዎቹ ቀድመው መስታወቱ ላይ ይሠሩ፤ ስኳድራ ተጠግቶ አክስሎቹ ለወለሉ ርዝመት ቀጥ ያሉ መሆናቸው ይታይ፤ ማጣበቂያው ገና ለስላሳ ሳለ ጎማዎቹ ገብተው ፉርጎው መስታወቱ ላይ ይቁም። በአንድ ጥግ በጣት ሲነካ ከተንቃቃ፣ ቀለል ያለ ክብደት ተጭኖበት አራቱም ጎማ መስታወቱን እንደነካ ሌሊቱን ይደር። ጫፋቸው የሾለ አክስሎች በትንንሽ የናስ ኩሽኔታ ውስጥ ሲዞሩ ፉርጎው እጅግ ይቀላል፤ ኪቱ እነዚህን ካልያዘ ለብቻ መግዛቱ ያዋጣል። በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው የውስጥ ርቀት አክስሉ እየተሽከረከረ በካሊፐር ሦስት ቦታ ይለካ፤ ልኬቱ ከተለያየ ጎማው ተጣሟል። የእኔ ፈተና ቀላል ነው፦ 1 ሜትር ሐዲድ አንዱን ጫፉን 2 ሴንቲ ሜትር አነሣለሁ፤ ፉርጎው ሳይገፋ ካልወረደ የላይኛውን ክፍል አልጀምርም።

ክብደትም ያስፈልጋል፤ ባዶ የፕላስቲክ ፉርጎ ይዘላል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሞዴል ባቡር ማኅበር ለኤች ኦ የሚመክረው ስሌት 28 ግራም ላይ ለእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ርዝመት 5.6 ግራም መጨመር ነው፤ 16 ሴንቲ ሜትር ላለው ፉርጎ ወደ 118 ግራም ይመጣል ማለት ነው። እርሳስ የሚጠቀም ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ልጆች በሚበሉበት ጠረጴዛ ላይም አይቁረጥ። እርሳሱን በነጭ የእንጨት ኮላ ማጣበቅ ፈጽሞ አይገባም፤ በጊዜ ብዛት ሁለቱ ተዋህደው ነጭ ዝገት ይፈጥሩና እያበጡ ግድግዳውን ይሰነጥቁታል። ኢፖክሲ ይህን አያመጣም። ተራ ብሎንና ቁርጥራጭ ብረት ያለ ጭንቀት ይሠራል፤ ነገር ግን በዚህ አየር ስለሚዝግ መጀመሪያ አንቲሩጂኔ ይቀባ።

ሎኮሞቲቩ

ከፉርጎ ወደ ሎኮሞቲቭ የሚሻገር ሰው ከናፍጣ ይጀምር። የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ሞተሩና ጥርሶቹ በአብዛኛው ተገጣጥመው በሚመጡ ቦጊዎች (ከሥር በሚዞሩ የጎማ ጋሪዎች) ላይ ይቀመጣል። በእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ላይ ግን ጎማዎቹን የሚያያይዙት ዘንጎች የራሳቸው ሕግ አላቸው፦ በአንዱ በኩል ያለው የዘንግ መያዣ ከሌላው በኩል ካለው 90 ዲግሪ ተለይቶ መቀመጥ አለበት፤ አንዱ ወገን ኃይል በማይሰጥበት ነጥብ ላይ ሲደርስ ሌላው እንዲገፋ ነው። በሞዴል ላይ ልዩነቱ በትክክል 90 መሆኑ ያን ያህል አያስጨንቅም፤ በሁሉም አክስሎች ላይ እኩል መሆኑ ግን ግድ ነው። ሁለት ዲግሪ ያህል የተለየች አንዲት አክስል መላውን ማሽን ታነክሰዋለች።

ሞተሩ ለ12 ቮልት ቀጥታ ኤሌክትሪክ የተሠራ ስለሆነ በ9 ቮልት ድንጋይ ይፈተናል፤ መብራት በጠፋበት ምሽት እንኳ ሥራ አይቆምም። የሞተሩ ጠመዝማዛ ጥርስና የአክስሉ ጥርስ ሲገናኙ በመካከላቸው ቀጭን የወረቀት ቁራጭ ገብቶ ብሎኑ ከታሰረ በኋላ ወረቀቱ ተስቦ ይወጣል፤ የሚቀረው ክፍተት ልክ ነው። አጥብቆ የገጠመ ሰው የሚያቃስት ሞተር ያገኛል። አንድ ወገኑ ከኤሌክትሪክ የተከለለ ጎማ ካለ፣ የተከለለው ወገን በሁሉም አክስሎች ላይ በአንድ ጎን መሆኑ በቴስተር ይረጋገጥ፤ አንዱ ከተገለበጠ ሐዲዱ ሾርት ያደርጋል። ዘይት በመርፌ ጫፍ አንዲት ጠብታ ለብረት ኩሽኔታ ይበቃል፤ የፕላስቲክ ጥርስ ግን ፕላስቲክ የማይጎዳ ግሪስ ይፈልጋል። ከዚያም ሎኮሞቲቩ ሰውነቱን ሳይለብስ ግማሽ ሰዓት ወደፊት፣ ግማሽ ሰዓት ወደኋላ ይሂድ።

ናስ የሚበይድ ሰው አንድ ነገር ይያዝ። ስታኞን የሚያስይዘው ፓስታ አሲድ ስላለው፣ የዕለቱ ሥራ ሲያልቅ በሞቀ ውሃ፣ በሳሙናና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ካልታጠበ በሐምሌ እርጥበት በአንድ ሳምንት አረንጓዴ ያወጣል። በደረቅ አገር ለነገ ቢባል ችግር የለውም፤ እዚህ ግን ነገ የለም።

ዝርዝሩ

ሞዴልን ከመጫወቻ የሚለየው ቀጭንነት ነው። እውነተኛ የእጅ መያዣ ብረት 30 ሚሊ ሜትር ውፍረት ቢኖረው በ1:87 ከ0.35 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ በኪቱ ላይ ከግድግዳው ጋር አብሮ የተቀረጸው ግን ብዙ ጊዜ የዚያን እጥፍ ነው። ይህ ቅርጽ በምላጭ ተፍቆ፣ ጫፎቹ በነበሩበት ቦታ በ0.4 ፑንታ ተበስቶ፣ ሽቦ በወረንጦ ታጥፎ ይገባል። የጊታር ቀጭኗ ክር 0.25 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነች ታጓጓለች፤ ግን ብረት ናትና በቀለሙ ሥር ዝገቷ ይወጣል። ከስልክ ገመድ የሚወጣ መዳብ ወይም የናስ ሽቦ ይሻላል። መዳቡ ቀጥ እንዲል አንዱ ጫፍ በሞርሳ ታስሮ ሌላው በፒንሳ ተይዞ እስኪሳብ ድረስ ትንሽ ይጎተታል።

ሽቦዎቹ በሱፐር ግሉ ይጣበቃሉ። ሱፐር ግሉ የሚደርቀው በአየር ውስጥ ባለው እርጥበት ነው፤ ስለዚህ በክረምት እዚህ እጅግ ይቸኩላል፤ ትነቱም በዙሪያው ነጭ ጉም ይጥላል። በስፒል ጫፍ ተነክቶ ከኋላ፣ ማለትም ከግድግዳው ውስጥ በኩል ይነካ። በመስኮት ፕላስቲክ አጠገብ ግን ፈጽሞ አይቅረብ፤ ለመስኮት ነጭ ኮላ ይበቃል፤ ሲደርቅ ይጠራል።

የቱ ዝርዝር የት እንደሚቀመጥ የሚወስነው ፎቶግራፍ ነው። ፎቶው የተነሣበት ዓመትም ይታይ፤ አንድ ፉርጎ በሃያ ዓመት ውስጥ በሩም፣ ፍሬኑም፣ ቁጥሩም ሊቀየር ይችላል። የአንዱን ዘመን በር ከሌላው ዘመን ቁጥር ጋር የለጠፈ ሞዴል አዋቂ ሰው ዘንድ ወዲያው ይታወቅበታል።

ቀለም

አሁን ወደ ክረምቱ ጉዳይ እንመለስ። አንድ ነሐሴ፣ ዝናቡ ለሁለት ሰዓት ስላባራ ብቻ፣ ሽምብጥ ባለው ቤቴ በረንዳ ላይ ጥቁር የእስፕሬይ ቀለም ቀባሁ። እየደረቀ ሲሄድ ጥቁሩ አመድ መሰለ። በቲነር የቀጠነ ቀለም ሲተን የሚቀባውን ነገር ፊት ያቀዘቅዘዋል፤ አየሩ ውሃ ከጠገበ ያ እርጥበት ገና ባልደረቀው ቀለም ላይ ጤዛ ሆኖ ይወርድና ውስጡ ይታሰራል። ነጭነቱ ይኸው ነው። በላዩ ሌላ ቀለም መድገም አያድነውም፤ ተፍቆ እንደገና መጀመር ነው። ውሃ ወለድ አክሪሊክ ይህ ጣጣ የለበትም፤ ነገር ግን በዚያ ወቅት ለመድረቅ ስለሚዘገይ አቧራና ትንኝ ይሰበስባል። በሐይቁ ዳር መብራት አብርቶ በምሽት የሚቀባ ሰው በማግሥቱ ጣሪያው ላይ የሚያገኘውን እኔ ልንገረው አያስፈልግም።

ከጥቅምት ጀምሮ ያለው ማለዳ ምርጡ ጊዜ ነው። ቀን ፀሐይ ምድሩን ስታሞቅ ነፋስ ከሐይቁ ወደ ከተማው ይነሣል፤ ከጠዋቱ ሦስት እስከ አምስት ሰዓት ባለው ጊዜ ግን ጤዛው ደርቆ ነፋሱ ገና አልበረታም። ሞዴሉ በሳሙና ውሃ እንደገና ታጥቦ ከደረቀ በኋላ በጣት አይነካም፤ በእንጨት መያዣ ላይ በፕላስተር ይጣበቃል። መጀመሪያ ግራጫ ፕራይመር ይቀባል፤ የዚህ ጥቅም ቀለም ማስያዙ ብቻ ሳይሆን የተረሳውን ጭረትና ክፍተት ማሳየቱም ነው። የታየው በስቱኮ ይሞላል፣ በ800 ወረቀት በውሃ ይለሰልሳል፣ እንደገና ፕራይመር ያገኛል። እስፕሬይ ከ20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርቀት፣ ከሞዴሉ ውጭ ተጀምሮ ከሞዴሉ ውጭ ያልቃል። ሦስት ስስ ቅብ ከአንድ ወፍራም ይበልጣል፤ ወፍራሙ በብዙ ድካም የተሠራውን የብሎን ራስ ሁሉ ይደፍነዋል። ፈካ ያለው ቀለም ይቀድማል፤ ከሙሉ ቀን በኋላ በወረቀት ፕላስተር ተሸፍኖ ጠቆር ያለው ይከተላል፤ ፕላስተሩም ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ሳይጠነክር ወደራሱ ታጥፎ ቀስ ብሎ ይነሣል። በር ተዘግቶ በቲነር መሥራት ራስን መመረዝ ስለሆነ በረንዳ ወይም የተከፈተ መስኮት ግድ ነው።

ቁጥርና ጽሑፍ በውሃ የሚለጠፍ ወረቀት ከሆነ መጀመሪያ የሚያብረቀርቅ ቬርኒሽ ይቀባ። ሻካራ ቀለም ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ ሥሩ አየር ይይዝና እንደ ብር ያበራል። ከተለጠፈ በኋላ የማያብረቀርቅ ቬርኒሽ ሁሉንም አንድ ያደርገዋል።

አቧራና ዝገት

አዲስ የተቀባ ፉርጎ ከፋብሪካ የወጣ እንጂ ሥራ ላይ ያለ አይመስልም። ለማስረጀት የሚሸጥ ዱቄት መግዛት አያሻም፦ ከሰል በሙቀጫ ተወቅጦ በነጠላ ቁራጭ ይነፋል፤ ከመንገድ ዳር የተወሰደ ቀይ አፈርም እንዲሁ ደርቆ፣ ተፈጭቶ ይነፋል። ይሁን እንጂ የእኛ ቀይ አፈር ለአዋሽና ለድሬዳዋ ሜዳ አይሆንም፤ የዚያ አቧራ ፈዘዝ ያለ ነውና በኖራ ወይም በአመድ ይፈዝዝ። አቧራ ከታች ወደ ላይ ይወጣል፤ ስለዚህ ከጎማው አካባቢ በዝቶ ወደ መስኮቱ እየሳሳ ይሂድ። ጥላሸት ግን ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ጣሪያውና የጭስ መውጫው ዙሪያ ቦታው ነው። ዝገት ደግሞ ውሃ በሚያርፍበት መጋጠሚያና ቀለም በተላጠበት ጥግ በነጥብ ነጥብ ይነካል፤ ያለ ምክንያት የተረጨ ዝገት ፉርጎውን የታመመ ያስመስለዋል። ዱቄቱን የሚይዘው የመጨረሻው ቬርኒሽ ያጠቁረዋልና ሲቀባ ከሚፈለገው ይልቅ ፈካ ተደርጎ ይቀባ። የጎማዎቹ ሐዲድ የሚነኩበት ፊት ግን ቀለምም አቧራም አይነካውም፤ ነክቶት ከሆነ በአልኮል በተነከረ ጨርቅ ይጠረግ፤ ኤሌክትሪኩ የሚያልፈው በዚያ ነው።

የተጠናቀቀው ሞዴል ክዳን ባለው ሣጥን ውስጥ፣ በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ ከሚገኙት የሲሊካ ከረጢቶች ሁለት ሦስቱ ታክለውበት፣ ቀጥተኛ ፀሐይ ከማያገኘው መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ። ግንቦት ሲያልቅ ከረጢቶቹ ይውጡና ፍሬዎቹ ከወረቀታቸው ተራግፈው በመጥበሻ ላይ በለስላሳ እሳት ይድረቁ፤ ወደ ሣጥኑ ሲመለሱም አዲሱ ኪት የሚከፈትበት ጊዜ ደርሷል።